ሃያ ዙር በአዳሚ ቱሉ

ማክሰኞ ከጠዋቱ 12፡30፣ አዳማ

ጉዞ የምወድ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው የሚጓዝበትን መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ከአዳማ የምወጣው ለልቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለመንፈሳዊ ጉባኤ ነው። ይህን ማስታወሻም የምጽፈው የላንጋኖን ውበት ላስነብባችሁ ብዬ አይደለም። ወደ አዳሚ ቱሉ የሄድኩት አንዲት ፒክአፕ ለምን እንደተሰበረች ለማየት ነው። ከዚህም አልፎ እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ የሄድኩት ስለ ስብራቷ የጻፍኩት ነገር ትክክል መሆኑን አይቼ፣ ልቤ አርፎልኝ ለመመለስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዳሚ ቱሉ ዙሪያ የሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከሁለት ወር በፊት ፒክአፑን ወደ ጋራዤ ላከ። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ ጥርሱ ተበልቶ ያፏጭ ነበር። ያገለገለ ሌላ ፈልጌ ለወጥኩለት። በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋ ላንጋኖ ዳር ከአሸዋ ወጥታ አስፋልት እንደረገጠች፣ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱንና የኋላውን ጎማ የሚያገናኘው ሳጥን ከውስጡ ፈነዳ። ድርጅቱ ምክንያቱን በጽሑፍ እንድገልጽ ጠይቆ አንድ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ፎቶው ላይ መኪናዋ አስፋልት ላይ ቆማለች፤ የፎር ዊሉ እጀታ ደግሞ ገብቷል። ፎር ዊል አስገብቶ በደረቅ አስፋልት መንዳት ያንን ሳጥን እንደሚሰብር ማንም መካኒክ ያውቃል። ከወንበሬ ሳልነሳ «የሹፌር አያያዝ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩና ማህተሜን አሳረፍኩበት።

ሹፌሩ ከድር ይባላል። ለድርጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ነድቷል። በእኔ ወረቀት ምክንያት ከሥራ ታግዶ፣ ይሰናበት አይሰናበት የሚለውን ኮሚቴ ሐሙስ ሊወስን ነው። እሁድ ከቸርች እንደወጣሁ ስልኬ ጠራ። ከድር ነበር። ለጠብ የደወለ መስሎኝ ድምፄን ጠንከር አድርጌ አነሳሁት።

«ጋሽ ዳንኤል፣ ለክርክር አይደለም የደወልኩት» አለኝ። «ምን እንዳጠፋሁ ብቻ ይንገሩኝ። ነገ ሌላ መኪና ባገኝ እንዳልደግመው ብዬ ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱን መኪና ከፍቼ ሳልጨርስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ መፍቻውን በእጄ ይዤ መፍቻ እፈልጋለሁ። ማታ ራት ላይ ሦስት ጊዜ ስነሳና ስቀመጥ ያየችኝ ባለቤቴ ሰብለ፣ «ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድና እየው» አለችኝ።

መናኸሪያ ስደርስ የያዝኩት አንድ ሻንጣ ነው፤ ውስጡ ትንሽ ክሪክ፣ መፍቻዎች፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ ቱታ እና በፌስታል የተጠቀለለ ማህተም አለ። ማህተሙን የያዝኩት የመጀመሪያውን ወረቀት የሚያጠናክር ሁለተኛ ወረቀት እዚያው እሰጣለሁ ብዬ ነው። «ዝዋይ፣ ዝዋይ፣ አንድ ሰው!» ይላል ጩኸቱ። ታፔላው ሁሉ ባቱ ካለ ስንት ጊዜው ነው፤ የመናኸሪያ አፍ ግን አሁንም ዝዋይ ነው። «አንድ ሰው» የቀረው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ አራት ሰው ብቻ ተቀምጧል። ሩብ ሰዓት ጠብቄ አላስችል ሲለኝ ወርጄ ወደ ሌላው ተሻገርኩ። እኔ እንደወረድኩ የመጀመሪያው ሞልቶ ወጣ። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ የሁለተኛው ጋቢና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በራሴ ስናደድ ቆየሁ።

ከጠዋቱ 2፡00፣ ከሞጆ ወደ ቆቃ

ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች መንገዱን ይዘውት ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሜዳው ተከፈተ፤ አየሩም ሞቅ አለ። ሹፌራችን ማርሽ ሲቀይር ይዘገያል። ሞተሩ እየጮኸ ሦስተኛ ላይ ይጎትታታል፤ እኔ ደግሞ ባዶ ወለል ላይ በግራ እግሬ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ።

«አባት፣ እኔ ነኝ የምነዳው ወይስ እርስዎ?» አለኝ እየሳቀ።

«አንተ ነህ። ግን አራተኛ የሚባል ማርሽም አለ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅኩ፤ ቆቃ ሳንደርስ ግን ሐሳቤ መልሶ ያዘኝ። ከመንገዱ ዳር ቲማቲም በባልዲ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ከነሱ ባሻገር ሐይቁ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ሌላው ተሳፋሪ ያንን ያያል። እኔ ያ ሳጥን በምን በምን ሊሰበር እንደሚችል በልቤ አወጣና አወርዳለሁ። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ከተለያየ አንዱ ከሌላው በላይ ስለሚሽከረከር ሳጥኑ ይጨነቃል። ዘይቱ ካነሰ ወይም ዓይነቱ ካልሆነ ይቃጠላል። ሹፌር በአስፋልት ላይ ካስገባው ደግሞ ይጠመዘዝና ይፈነዳል። ሌላም አራተኛ ምክንያት አለ፤ እሱ ትዝ ሲለኝ እንዳላስበው ብዬ ሹፌሩን ስለ ነዳጅ ሰልፍ ጠየቅኩት።

ከጠዋቱ 3፡30፣ መቂ

መቂ ወረድኩ። ከድር ጎማ የሚያሠራው እዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎሚስታው ገመቹ የድሮ ደንበኛዬ ነው። መንገዱ ዳር ሽንኩርት በማዳበሪያ ተሞልቶ ተቆልሏል። ደላሎች በሁለት ቋንቋ ይጮሃሉ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ አይሱዙዎች ከልካቸው በላይ እየጫኑ ነው። አንደኛው የኋላ ባሌስትራው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ሳየው እግሬ ወደሱ ሊሄድ ነበር። ሥራዬ እንዳልሆነ ለራሴ ነግሬ አለፍኩ።

«አካም ጂርታ፣ ገመቹ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ጋሽ ዳንኤል! ምን እግር ጣለዎት? ይቀመጡ፣ ሻይ ላስመጣ።»

አልተቀመጥኩም። «የከድርን ፒክአፕ ጎማ አንተ ነህ የምትሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«በቅርብ ጎማ ቀይሯል? ከፊት ሌላ ቁጥር፣ ከኋላ ሌላ ቁጥር ያለው ነገር አልገጠመም?» ይህን ስጠይቅ መልሱን በጣም ፈልጌው ነበር። ገጥሟል ቢለኝ እዚያው ሻዩን ጠጥቼ ተመልሼ ነበር።

ገመቹ ሳቀብኝ። «ከድር? በጎማ ጉዳይ የሱን ያህል ነዝናዛ አላየሁም። አንዱ ቢፈነዳ ጥንዱን ካልቀየርክ የሚለኝ ሰው ነው። አራቱም እኩል ናቸው፤ በዚህ እጄ ነው የገጠምኳቸው።» እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቀጠለ። «ይልቅ ከመሰበሯ በፊት መጥቶ፣ የፊቱና የኋላው አልተስማሙም አለኝ። ፎር ዊል ሳስገባ ታንቃ ትይዘኛለች አለ። ነፋሱን ለካሁለት፤ እኩል ነው። ለጋሽ ዳንኤል ደውል አልኩት።»

«እሺ?»

«ደውዬላቸዋለሁ አለኝ። አዲስ የተገጠመ ነው፣ ይለመዳል ብለውኛል አለ።»

ለእናንተም አልነገርኳችሁም፤ ረስቼው ነበርና። ገመቹ ሲናገር ግን ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። አንድ የጭነት መኪና ስር ተኝቼ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ነበር። ከድር «ጋሼ፣ እኔ እንጃ ምናልባት የኔ ስሜት ይሆናል እንጂ…» ብሎ ጀመረ። ሳይጨርስ «ይለመዳል» አልኩት። አንድ መቶ ጊዜ ለአንድ መቶ ሰው ያልኩት ቃል ነው። አመስግኖኝ ዘጋ።

ሻዩ ሲመጣ ቆሜ ሁለት ጊዜ ፉት አልኩለትና ተሰናበትኩ። ገመቹ ቅር አለው፤ መቂ ላይ ሻይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።

ከቀኑ 5፡30፣ ባቱ

ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የተጠበሰ ዓሳ አዘዝኩ፤ ሦስት መቶ ብር። ዓሳው ትኩስ ነበር፤ ዳጣውም ጥሩ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሳ አንጀት ይጣልልን ብለው ከአጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቃሉ። ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አላቸው። ግማሹን በልቼ እጄን ታጠብኩ። አስተናጋጇ «አልጣፈጠም እንዴ አባቴ?» ስትለኝ «ጣፍጧል፣ እኔ ነኝ ያልተመቸሁት» አልኳት።

አሁን የቀረኝ ተስፋ ዘይቱ ነበር። ዘይት የሚያየው ሹፌር ነው። ዘይቱ ጎድሎ ቢገኝ የእኔ ወረቀት በሌላ በኩል ትክክል ይሆናል። አንድ ሰው ሥራውን እንዲያጣ ዘይት ጎድሎ እንዲገኝ እየተመኘሁ መሆኑን ያወቅኩት ባጃጅ ተሳፍሬ አዳሚ ቱሉ መግቢያ ላይ ስደርስ ነው። በጣም አፈርኩ፤ ምኞቱን ግን መተው አልቻልኩም።

ከቀኑ 6፡40፣ አዳሚ ቱሉ

ከድር መንገድ ዳር የግራር ጥላ ስር ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም ነው፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚመስለው። በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«መጀመሪያ ቤት እንግባ። ባለቤቴ እርጎ አስቀምጣልዎታለች» አለኝ።

«መጀመሪያ መኪናዋን ልያት።»

«ከመንገድ መጥተው?»

«ከድር፣ ካላየኋት አልቀምስም።» የዚህን ሰው እርጎ ጠጥቼ ተመልሼ ጥፋቱ ያንተ ነው የምለው እንዴት ነው? እሱ ግን ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ወደፊት መራኝ።

ፒክአፕዋ በድርጅቱ ግቢ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማለች። አቧራ ለብሳለች። ቁልፉን ስለቀሙት ከድር ከቢሮ አስፈቅዶ ሲያመጣ እኔ ጎማዎቹን አየሁ። ገመቹ እንዳለው አራቱም አንድ ናቸው። ቱታዬን ለብሼ ተንበርክኬ የሳጥኑን ዘይት ቡሽ ከፈትኩ። ዘይቱ ጥቁር ሆኗል፤ ይሸታል፤ ተቃጥሏል። ግን ሙሉ ነበር፤ የፈነዳው ውስጡ ነው እንጂ ሽፋኑ አልተሰነጠቀም።

«ያን ቀን ምን ሆነ?» አልኩት፣ ሳልነሳ።

«አሸዋው ላይ አስገባሁ። እንደወጣሁ ጠንካራው መሬት ላይ ላወጣው እጀታውን ጎተትኩ፤ እንቢ አለ። እርስዎ እንዳስተማሩን ወደ ኋላ ሄድኩ። ትንሽ ላላ አለ፤ ልጎትተው ስል መልሶ ነከሰ። ሦስቴ ሞከርኩ። ከኋላ የሕፃናት ክትባት ነበር፣ በረዶው እየቀለጠ ነው። ቀስ ብዬ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጓ አለች።»

«ይህን ለምን ለኮሚቴው አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ። የእርስዎን ወረቀት አሳዩኝ። እርስዎ ካሉ እኔ የማላውቀው ጥፋት ይኖራል ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ያ ሞጆና ቆቃ መካከል የሸሸሁት ምክንያት ብቻ ነበር። ዲፈረንሻል ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጥርሳም ብረት አለ። የጥርሳቸው ብዛት ከመኪና መኪና ይለያያል፤ አንዳንዴ መልኳና ስሟ አንድ የሆነች መኪና እንኳ ሁለት ዓይነት ይዛ ትወጣለች። በፎር ዊል መኪና የኋላው ከፊቱ ጋር የግድ መስማማት አለበት። ካልተስማማ አንዱ ሲቸኩል ሌላው እየተጎተተ ያ መካከላቸው ያለው ሳጥን ጉድ ይሆናል። አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ነገሩ ይሸፈናል። ጠንካራ መሬት ላይ ግን መሸሻ የለውም።

ይህን ሳይፈቱ የሚያውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ከመሬት ታነሳለህ፤ ሌላው እንደተቀመጠ ይቆያል። ከሆዷ ስር ያለውን ረጅም ዘንግ በጠመኔ ምልክት ታደርግበታለህ። ጎማውን በእጅ ሃያ ዙር ስታዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ትቆጥራለህ። ከዚያ ከፊትም ያንኑ ታደርጋለህ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን አለባቸው። ሥራው በጠቅላላው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

እኔ ስር ገባሁ፤ ከድር የኋላውን ጎማ ያዘ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» እያለ በኦሮምኛ ይቆጥራል፤ እኔ የጠመኔውን ምልክት በዓይኔ እከተላለሁ። «ዲግደማ!» ብሎ ሃያ ላይ ሲቆም የኔ ቁጥር አርባ አንድ ነበር።

ወደ ፊት ዞርን። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳሁ። «ቶኮ፣ ለማ…» ከድር ሃያ ላይ ቆመ። የኔ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«ቁጥር ሳይጠፋብኝ አልቀረም» አልኩት። «እንደገና።»

እንደገና አዞረ። ሠላሳ ዘጠኝ። ሦስተኛ ጊዜ እሱን ስር አስገብቼ ጎማውን ራሴ አዞርኩ። ከስር ድምፁ መጣ፤ «ሶዶሚ ሰገል።» ሠላሳ ዘጠኝ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሜ እንድሞክር የሚያደርገኝ ነገር አልነበረም።

«ሁለት ብቻ ነው የተለያዩት፤ ትንሽ አይደለም ጋሼ?» አለኝ አቧራውን እያራገፈ።

«በሃያ ዙር ሁለት ነው። ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት መቶ ጊዜ ይዞራል መሰለህ? እጀታው እንቢ ያለህ በዚህ ነው። ወደ ኋላ ስትሄድ ላልቶ መልሶ የነከሰህም በዚህ ነው። አስፋልቱ ላይ ባትወጣም ትሰበር ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥርሱን ሳልቆጥር ነው የገጠምኩት።»

ከድር ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን በእኔ ፋንታ አፈረ። ዓይኑን ከዓይኔ አንስቶ የክሪኩን እጀታ ሲያጥፍ ቆየ።

ለምን እንዳልቆጠርኩ ልንገራችሁ። ዲፈረንሻሉን የገዛሁት ከጌታቸው ነው። ጌታቸው አዳማ ያገለገሉ ዕቃዎች ይሸጣል፤ የቸርቻችንም ሽማግሌ ነው። ሁለቱን ልጆቼን ያጋባው እሱ ነው። «ከአንድ ዓይነት መኪና የወጣ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ቆመዋል። በነሱ ፊት ተንበርክኬ የሽማግሌውን ዕቃ ጥርስ ብቆጥር፣ ቃልህን አላምንም ማለት ሆነብኝ። ተሸክሜ ወጣሁ። ጋራዥ ስደርስ ደግሞ ከቆጠርኩና ከተለያየ ልመልስበት ነው፤ ያም ያው ነው ብዬ ገጠምኩት።

እዚያው ግቢ ውስጥ ደወልኩለት።

«ወንድም ጌታቸው፣ ያ ዲፈረንሻል ከፊቱ ጋር አልተስማማም። ሁለት ዓይነት እንዳለው ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ። አንተ ትቆጥራለህ ብዬ እኮ ነው። አልቆጠርክም እንዴ?»

«ቁጠር አላልከኝማ!»

«ዳኒ፣ ለአንተ? በሰው ፊት? ለሠላሳ ዓመት መካኒክ ጥርስ ቁጠር ይባላል? አፍሬ ነው የተውኩት።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ የምቆጣበት አጣሁ። እኔ እሱን አፍሬ፣ እሱ እኔን አፍሮ፣ ከድር ሁለተኛ መደወል አፍሮ፣ አንዲት መኪና ሆዷ ፈነዳ፤ አንድ ሰው ደግሞ እንጀራውን ሊያጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስልኩን ዘግቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

ከቀኑ 8፡30፣ ቢሮ

የድርጅቱ የአካባቢው ጣቢያ ኃላፊ ወይዘሮ ለሊሴ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የኔ የመጀመሪያ ወረቀት ከነማህተሙ ተቀምጧል። ከድር በሩ አጠገብ ቆመ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጋሽ ዳንኤል፣ እውነቱን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ግን ለምን ራስዎን ይጎዳሉ? የሁሉም መኪናችን ጥገና እርስዎ ጋ ነው፤ ይህን ዋናው መሥሪያ ቤት ካየ ውሉን ያቋርጣል። መኪናዋ አርጅታለች። በዕቃው እርጅና ምክንያት ብለው ይጻፉልኝ። ከድርም ይመለሳል፣ ማንም ሳይነካ ያልፋል።»

«እኔ ይህ ይበቃኛል ጋሼ» አለ ከድር ከበሩ። «ስምዎ እንዲነሳ አልፈልግም።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወረቀት ሰጡኝ፤ ብዕር ያዝኩ። «በዕቃው እርጅና» ብዬ እስከ «እርጅና» ድረስ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለው ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ገጠመ።

«ወይዘሮ ለሊሴ፣ ይህኛውስ ይቀደዳል?»

«ከፋይል ወረቀት አናወጣም። አዲሱ ከሱ በላይ ይያያዛል።»

ስለዚህ ከድር ይመለሳል፤ ከስሩ ግን «የሹፌር አያያዝ ጉድለት» የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ነገ አንድ ነገር ቢሰበር አዲስ የመጣ ኃላፊ ያንን ገልጦ ያነባል። እርጅና የሚለው ቃል የሚሸፍነው እኔን ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጠየቅኩ። «የመጀመሪያው ጽሑፌ ስህተት ነው። መኪናዋን ሳላይ ጻፍኩት። የገጠምኩት የኋላ ዲፈረንሻል ከፊቱ ጋር አይስማማም፤ ጥርሱን ሳልቆጥር ገጥሜዋለሁ። ከመሰበሯ በፊት ሹፌሩ ችግሩን ነግሮኝ አልሰማሁትም። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም።» ማህተሙን ከፌስታሉ አውጥቼ መታሁበት። ወይዘሮ ለሊሴ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት። ከድር እስከ መጨረሻው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሄጄ እርጎውን ጠጣሁ። ባለቤቱ ሁለተኛ ብርጭቆ ስትቀዳልኝ እንቢ አላልኩም።

ማታ 1፡00፣ አዳማ

ለመልሱ ጉዞ በፈጣን መንገድ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። መቂን ሳላይ አለፍኩ፤ አዳማ ስደርስ መብራት በርቷል። ሰብለ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ራት አቀረበች። ስበላ ነገርኳት። ውሉ ሊቋረጥ እንደሚችል ስነግራት «ለጌታቸውስ ምን ልትለው ነው?» አለችኝ። «ከእንግዲህ ስገዛ በፊቱ እንደምቆጥር» አልኳት። «በሰው ፊት?» አለች። «በሰው ፊት» አልኩ፤ እንደምችለው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ጥርስ መቆጠር እንዳለበት ድሮም አውቀው ነበር። የማላውቀው ይሉኝታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነው። ጨዋነት መስሎኝ ስለያዝኩት አንድም ቀን መርምሬው አላውቅም። ሰው ሲያከብረኝ ዝም ይለኛል፤ ዝም ሲለኝ ልክ ነኝ ብዬ እቀጥላለሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከድር ደወለ። ኮሚቴው ወደ ሥራው መልሶታል፤ የታገደበትም ደመወዝ ይከፈለዋል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም።

«ጋሼ፣ ሌላም ነገር አለ። መኪናዋን ማን ይሥራት፣ አንተ ነህ የምትነዳት፣ አንተ ምረጥ አሉኝ። ሌላ ሰው ይሥራት አልኳቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎት ብዬ ነው።»

ከስድስት ዓመት በላይ የሱን መኪና ጠግኛለሁ፤ አንድም ቀን ደፍሮ አንድ ነገር ብሎኝ አያውቅም። አመመኝ፤ ቅር ብሎኛል ብል አላጋነንኩም። ግን አንድ ሰው ልክ ሆኖ ያየውን በግልጽ ከነገረኝ ስንት ዓመት እንደሆነው አላስታውስም።

«ደግ አድርገሃል» አልኩት። «ለሚሠራት ሰው ግን ጥርሱን ቁጠር በለው። ቢያፍርብህም በለው።»

«ብዬዋለሁ» አለ ከድር። «ዛሬ ጠዋት አጠገቡ ቆሜ ነው ያስቆጠርኩት።»